እናቷ ወተት ታቁም

ኬክ ላይ በክሬም ስትጽፍ ያያት ሰው ቆሞ ያያታል እንጂ አልፎ አይሄድም። እጇ አይንቀጠቀጥም፤ መስመሯ አይዘምም። የኬክ ቤቱ ደንበኞች ስሟን አያውቁም፤ «ያቺ ባለ ክሬሟ ትጻፍልን» ነው የሚሉት። ባለቤቱም ሰው ሲበዛበት «ባለ ክሬሟ፣ ኧረ ድረሽልኝ!» እያለ ይጣራል። እሷም ወዳዋለች፤ በስሟ ሲጠሯት ሁለቴ መጥራት ያስፈልጋል፣ ባለ ክሬሟ ሲሏት ግን ባንዴ ዞር ትላለች።

«አንቺማ ታድለሽ፣ ቀኑን ሙሉ ክሬም ውስጥ!» የሚሏት ነገር ያስቃታል። ምክንያቱም ይቺ ሴት ከልጅነቷ ጀምሮ የወተት ሽታ አትወድም። ብርጭቆ ወተት ብታቀርቡላት ፊቷን ታዞራለች። ኬክም ቢሆን ለሰው ትሠራለች እንጂ ቆርሳ አትበላም፤ «ዓይኔ ጠግቧል» ትላለች። ይህችን ነገር ያዙልኝ፤ ኋላ ትመጣለች።

ከስንት ዓመት ጥበቃ በኋላ ያገኘቻት አንዲት ልጅ አለቻት። ድንቡሼ ነው የሚሏት፤ ስትወለድ ጉንጯ ዓይኗን ሸፍኖት ስለነበር ነው። አባቷ የከተማ አውቶቡስ ሹፌር ነው፤ ቀኑን ሙሉ ሕዝብ ሲያስገባና ሲያስወጣ ይውልና ቤት ሲገባ ዝምታ ይወዳል። ባለ ክሬሟ ከወሊድ እረፍት ወደ ሥራ ስትመለስ ልጅቷን ሊይዙላት የባሏ እናት መጡ። አማት ክፉ ሰው አይደሉም። ይህን አስቀድሜ የምናገረው፣ አማት የሚል ቃል ገና ሲሰማ ቢላዋ የሚስል ሰው ስላለ ነው። አንድ ጉድለት አለባቸው እንጂ፤ «ይቅርታ» የምትባለዋ ቃል ካፋቸው አትወጣም። ያጠፉ እንደሆነ ሻይ አፍልተው ያመጡልሻል። ሻዩ ሁለት ማንኪያ ስኳር ካለው ጥፋቱ ከባድ ነው ማለት ነው።

እኚሁ ሴትዮ በየቀኑ በምሳ ሰዓት ድንቡሼን አዝለው ወደ ኬክ ቤቱ ይመጣሉ። ጓዳ ውስጥ፣ የዱቄት ጆንያዎቹ በተደረደሩበት፣ ባለ ክሬሟ ሽርጧን ፈትታ አንዱ ጆንያ ላይ ትቀመጥና ልጇን ታጠባለች። ድንቡሼ ዓመት ከመንፈቅ ሆኗታል። ትሮጣለች፣ ትጮኻለች፣ ሳይፈቀድላት መሳቢያ ትከፍታለች፤ እዚያ ጆንያ ላይ ግን እንደገና ሕፃን ትሆናለች። በአንድ እጇ የእናቷን ጆሮ ይዛ ትጠባና፣ ስትጠግብ ወርዳ መጥበሻና ሳህኑን እያየች ትዞራለች። «ሁለት ዓመት እስኪሞላት አጠባታለሁ፤ ከዚያ በኋላ ራሷ በቃኝ ስትል» ብላ ነበር ባለ ክሬሟ ለራሷ ቃል የገባችው። ያቺ የቀትር ሰዓት ባትኖር ሥራውን እንዴት እንደምትችለው አታውቅም ነበር።

ታዲያ እናትየው ሥራ ከገባች ብዙም ሳይቆይ የልጅቷ ጉንጭ ቀላ። ቀጥሎ የክንዷ መታጠፊያ ተሰነጣጠቀ፤ ታከዋለች፣ ይደማል፣ ታለቅሳለች። ሆዷ ይነፋል። እንዲህ ስትሆን ሰነባብታ፣ አንድ ቀን ዳይፐሯ ላይ ቀጭን የደም ክር ታየ።

ያኔ የመንደሩ ምክር ወረደ። ሰው መቼም ምክር ላይ ቸር ነው፤ እጁ የሚያጥረው ሌላ ነገር ስጥ ሲሉት ነው። አንዷ ቡዳ በላት አለች፣ አንዷ ጥርስ ነው አለች፣ አንደኛው ጎረቤት ደግሞ ሳሙናችሁን ቀይሩ አለ፤ ለካ ሳሙና ሻጭ ኖሯል። ባለ ክሬሟ ሁሉንም ሰማች፤ ሳሙናውንም ቀየረች፤ ምንም ጠብ አላለም።

በመጨረሻ የልጆች ሐኪም ጋ ቀጠሮ ተገኘ። ቀኑ ግን የሰርግ ሰሞን ሆነና ኬክ ቤቱ ሰው ከሰው ተደራርቦ፣ ባለቤቱ እጁን አጣምሮ «ዛሬን ብቻ እለምንሻለሁ» አላት። አማት «እኔ እወስዳታለሁ፣ ምን ሆኛለሁ» ብለው ልጅቷን አዝለው ሄዱ።

አመሻሽ ላይ ባለ ክሬሟ ቤት ስትደርስ ጫማዋን እንኳ ሳታወልቅ «ምን አለ ሐኪሙ?» አለች።

አማት ሻርፓቸውን አጠፉ፣ ጉሮሯቸውን ጠረጉ።

«የወተት ነገር ነው አለ። ሆዷ ወተት አልቻለም።»

«እሷ መቼ ወተት ጠጥታ ታውቃለች፣ እማማ?»

«ካንቺ ነው የሚመጣው አለ። ‹እናቷ ወተት ታቁም› ነው ያለው። በዚህ ጆሮዬ ነው የሰማሁት።»

እስቲ ፍረዱ። ወተት የማትጠጣ ሴት ወተት ታቁም ከተባለች፣ የሚቆመው የቱ ወተት ነው? ከራሷ የሚወጣው ነዋ! ባልየው በዚህ አልተጠራጠረም፣ አማት አልተጠራጠሩም፣ ባለ ክሬሟም ራሷ አልተጠራጠረችም። ሶፋው ጠርዝ ላይ ቁጭ አለችና ጡቷን በሁለት እጇ ያዘች። «እኔ ነኝ እንዴ የማሳምማት?» አለች። ልጄን አጠግባለሁ ስል ሳሳክካት ነው የከረምኩት ብላ አሰበች፤ አፈረችም። እንዲህ ያለ ሐፍረት በሕይወቷ ይዟት አያውቅም።

ከማግስቱ ጀምሮ አማት በቀትር መምጣታቸውን ተዉ። ባለ ክሬሟ ጆንያዎቹን እያየች ምሳዋን ቆማ በላች። ከሰዓት በኋላ ጡቷ ድንጋይ ሆኖ ሸሚዟን ሲያረጥበው መታጠቢያ ክፍል ገብታ እያለበች ታፈሰዋለች፤ እያፈሰሰችም ታለቅሳለች። ቤት ስትገባ ድንቡሼ ሮጣ መጥታ ደረቷን ትጎትታለች። «አይሆንም፣ የኔ ማር፣ ያምሻል» ትላታለች። ልጅቷ እንዲህ ያለ ቋንቋ አታውቅም፤ መሬት ላይ ትንከባለላለች።

አማት ነገሩ ቶሎ እንዲያልቅ ብለው ከመድኃኒት ቤት ጎን ካለችው ሱቅ በትንሽ ጠርሙስ እሬት ገዝተው መጡ። «ጫፉ ላይ ቀባ ካደረግሽው አንዴ ቀምሳ ትተወዋለች። እኔም ልጄን ያስጣልኩት በዚሁ ነው» አሉ። ባልየው ያደገበትን ነገር በመስማቱ ምራቁን ዋጠ። ባለ ክሬሟ ግን እሬቱን ለመቀባት ሆዷ አልጨከነም። ጠርሙሷ ቁም ሳጥን ውስጥ ተቀመጠች።

ጡት የተከለከለ ልጅ ደግሞ በባዶ ሆድ አያድርም። «በምን ልታድግ ነው ታዲያ?» ብለው አማት የላም ወተት አፍልተው፣ ለብ አድርገው፣ በኩባያ ያጠጧት ጀመር። ጥዋት አንድ ኩባያ፣ ማታ አንድ ኩባያ። ልቅም አድርጋ እንድትጠጣው እየዘፈኑላት ነው ደግሞ።

ውጤቱን እናንተም ገምታችኋል። ልጅቷ አስታወከች። ጉንጯ ውሃ ቋጠረ። የደም ክሩ ወፈረ። ባልየው አንድ ጥዋት ያየውን አይቶ አውቶቡሱን ለባልደረባው ሰጠና፣ ያ ዝምተኛ ሰውዬ አፉን ከፈተ። «ነገር ከሥሩ፣ ውሃ ከጥሩ። አሁኑኑ ተነሡ፣ ሁላችንም ሄደን ከራሱ ካፍ እንስማ» አለ።

ሐኪሙ ወጣት ነው፤ ጢሙ ገና አልሞላም። ድንቡሼን አገላብጦ አየና ግንባሩ ተቋጠረ። «ብሶባታል እኮ። ምን እየበላች ነው?»

«ጡት ከተወች ወዲህ ወተት ነው የምሰጣት» አሉ አማት።

«ጡት ተወች? ማነው አስጥሉ ያላችሁ?»

«አንተ ነሃ!» አሉ አማት፤ ወዲያው ደነገጡና «እርስዎ ነዎት፣ ዶክተር። ‹እናቷ ወተት ታቁም› አላሉኝም?»

ሐኪሙ እስክሪብቶውን ጠረጴዛው ላይ አኖረ። አንዴ አማትን አየ፣ አንዴ ባለ ክሬሟን አየ። ቀስ እያለ ጆሮው ቀላ።

«ብያለሁ» አለ። «እናቷ የላም ወተት መጠጣት ታቁም ማለቴ ነበር። ጡቱን ማን ነካው! የላም ወተት፣ ቅቤ፣ እርጎ፣ ቺዝ፣ ክሬም፤ እናት የምትበላው ትንሽ ትንሹ በጡቷ ያልፋል። የልጅቷ ሆድ ያንን ነው ያልቻለው። የእርስዎ የጡት ወተት አይደለም ያሳመማት። የእርስዎ ወተት ለሷ ከሁሉም የተሻለው ምግብ ነው።»

ባለ ክሬሟ የሰማችው የመጨረሻዋን ዓረፍተ ነገር ብቻ ነው። እዚያው ወንበሩ ላይ፣ ሐኪሙ ፊት፣ ባሏ ፊት፣ ተንሰቅስቃ አለቀሰች። ድንቡሼም እናቷ ስታለቅስ አይታ ደረቷን ጎተተች፤ ይሄኔ ማንም አልከለከላትም። ያን ሁሉ ቀን ያልጠባች ልጅ፣ የእናቷን ጆሮ እንደያዘች፣ የሐኪሙን ክፍል በመጥባቷ ድምፅ ሞላችው።

«ግን ዶክተር፣ እኔ ወተት አልጠጣም» አለች ባለ ክሬሟ እንባዋን እየጠረገች። «ከልጅነቴ ጀምሮ። ኬክም አልበላም።»

ሐኪሙ ጭንቅላቱን አከከ። ቅቤስ? አማት ሩዙ ላይ ጣል ያደርጉ ነበር፤ ይቅር ተባለ። ብስኩትስ? ይቅር። አጥንቷ እንዳይጎዳ የሚዋጥ ክኒን ሰጣት፣ ቅጠላ ቅጠልና ዓሣ ይብሉ አላት። «አንድ ወር እንየው» አለ። «ቤት ውስጥ ምንም የወተት ነገር ሳይኖር ካልተሻላት፣ ያኔ ስለ ጡቱም ቢሆን እንነጋገራለን።»

የዚያን ዕለት አማት ለምራታቸው ሻይ አፍልተው አመጡ። ሦስት ማንኪያ ስኳር ነበረው። ባለ ክሬሟ ጣፋጭ ባይስማማትም እስከ መጨረሻው ጠጣችው።

የቀትሩ ጉዞ ተመለሰ። ቤቱ ከቅቤ ጸዳ፤ አማት የዳቦ ማሸጊያ ላይ የተጻፈውን መነጽራቸውን አድርገው ሳያነቡ ምንም አይገዙም፤ ባለ ሱቁ «ፈተና አለብዎት እንዴ?» እስኪላቸው ድረስ። የልጅቷ ሆድ ተረጋጋ፣ ትውከቱ ቀረ። ጉንጯና ክንዷ ግን አልድን አለ። ትንሽ ደህና ይሆንና እንደገና ይቀላል። በተለይ ከሥራ ቀናት በኋላ ይብሳል፤ ይህን ግን ያኔ ልብ ያለው የለም።

ወሩ ሊያልቅ ሲል ባልየው አንድ እራት ላይ ድምፁን ዝቅ አድርጎ ተናገረ። «እኔ ላስቀይምሽ አይደለም። ሁሉን ነገር ትተሻል። ካልሆነ ግን፣ ቀጠሮው ሲደርስ… ይብቃት መሰለኝ።» አማት ምንም አላሉም፤ አለማለታቸው ግን ከባልየው ጎን ነበር። ባለ ክሬሟ «እሺ» አለች። ድንቡሼ ሁለት ዓመቷ ሊሞላ ጥቂት ነበር የቀራት፤ ጥቂት!

ከቀጠሮው በፊት በዋለው የእረፍት ቀኗ ባለ ክሬሟ በረንዳ ላይ ልብስ ታሰጣለች። አማት በርጩማ ላይ ተቀምጠው ምስር ይለቅማሉ። ድንቡሼ ደግሞ ከልብስ ማጠቢያው ሳፋ የሳሙና አረፋ በኩባያ ቀድታ በማንኪያ ትመታዋለች። መታች፣ መታች፤ ቆም አለች። ሌባ ጣቷን አረፋው ውስጥ ነከረች፣ አወጣች፣ ላስ አደረገች፣ አንድ ዓይኗን ጨፍና ጭንቅላቷን ወደ ጎን አዘነበለችና፦

«ዴና ኔው!» አለች። ገና ነው ማለቷ ነው።

«ኧረ ሳሙና ነው፣ አንቺ!» ብላ እናቷ ሮጣ አፏን ጠረገችላት። ሳቋን ግን መያዝ አቃታት። «ከየት ተማረችው ይሄን ደግሞ?»

አማትም ይስቃሉ። «ከማን ትማረው፣ ካንቺ ነው እንጂ፤ ኬክ ቤት በመጣን ቁጥር አንቺ እንዲሁ…» አሉና ሳቃቸው ተቋረጠ። ምስሩ ከሰፌዱ ላይ ፈሰሰ።

«ምን ሆኑ እማማ?»

«አንቺ እንዲሁ ታደርጊያለሽ» አሉ አማት ቀስ ብለው። «ጣትሽን ክሬሙ ውስጥ ትነክሪያለሽ፣ ትልሻለሽ፣ ‹ገና ነው› ትያለሽ። ደግሞ ትመቺዋለሽ፣ ደግሞ ትልሻለሽ።»

«እኔ? እኔ ክሬም አልበላም!»

«አትበይም። ትልሻለሽ።»

ባለ ክሬሟ ልትሰቅለው ያነሣችው ሸሚዝ እጇ ላይ ቀረ። አላመነችም፤ ውሸት ነው ብላ ደግሞ መማል አልቻለችም። በማግስቱ ሥራ ስትገባ እጇን እንደ ሌባ መጠበቅ ጀመረች። የመጀመሪያው ክሬም ገና ሳይጠጥር ጣቷ ራሱ ተነሥቶ፣ ማንም ሳያዘው፣ አፏ ውስጥ ገብቶ አገኘችው። ጥቂት ቆይታ ደግሞ። ትንሽ ቆይታ አሁንም። ምድጃው ጋ ወደሚሠራው ጋጋሪ ዞር ብላ «አንተ፣ እኔ ክሬም እልሳለሁ እንዴ?» አለችው።

«ዛሬ ነው ያወቅሽው?» አለ ጋጋሪው፣ የእውነት ተገርሞ። «እኔማ ቁርስሽ መስሎኝ ነበር።»

የጨው ገደል ሲናድ ብልህ ያለቅሳል፣ ሞኝ ይልሳል ይላሉ አበው። እሷ ሁለቱንም አንድ ላይ ነበር ስታደርገው የከረመችው፤ መታጠቢያ ክፍል ስታለቅስ፣ ጠረጴዛው ላይ ስትልስ።

አመሻሽ ላይ ቤት ገብታ ሁሉን ስትናገር አማት አቋርጠዋት ተነሡ። ቁም ሳጥኑን ከፍተው፣ ከኋላ ፈልገው፣ ያችን የእሬት ጠርሙስ አወጡ። የባለ ክሬሟን ቀኝ እጅ ያዙና ሌባ ጣቷን ቀጥ አደረጉት።

«ጡት አይደለም ለካ ማስጣል የነበረብን» አሉ። «ጣት ነው!»

ሁለቱም ሳቁ። አማት ግድግዳ ተደግፈው፣ ምራት መሬት ላይ ቁጭ ብላ፣ እስኪያነቡ ሳቁ። ባልየው ምን ሆናችሁ ብሎ ከመኝታ ቤት ወጣ፤ ጠርሙሷን ሲያይ ግን ሳይጠይቅ ተመለሰ።

ቀላል አልነበረም። በመጀመሪያው ቀን ባለ ክሬሟ እሬት መቀባቷን ረስታ ጣቷን ነከረች፣ ላሰች፣ ምድጃው ድረስ የተሰማ «እትፍ!» አለች። የነከረችበት ጎድጓዳ ሳህን ሙሉ ክሬም ተደፋ። ባለቤቱ «ምን ሆኖ ነው?» ሲል ጋጋሪው ዱቄት እያራገፈ «ሎሚ በዝቶበት ነው» ብሎ አዳናት። ከዚያ ወዲህ የመቅመሱ ሥራ ለጋጋሪው ተሰጠ። ለመቅመስ የሚረባ ሰው አይደለም፤ የሰጡትን ሁሉ «ወይ ጉድ፣ ይጣፍጣል!» ይላል። ስለዚህ እሷ በዓይኗ መለየት ተማረች፤ ማንኪያው ሲነሣ ክሬሙ ጫፉን ቀጥ አድርጎ ከቆመ፣ የመምቻውም ድምፅ ወፈር ካለ፣ ደርሷል ማለት ነው። ጋጋሪው ብቻ ቦርጭ አወጣ።

ሐኪሙ ቀጠሮውን ትንሽ አራዘመላቸው፤ የጣቷን ነገር ሲሰማ ከአማት ጋር እኩል ነው የሳቀው። እንቁላልም ቀስ በቀስ በእግሩ ይሄዳል፤ ቅላቱ መጀመሪያ ከአንዱ ጉንጭ ለቀቀ፣ ሌላው ተከተለ። አንድ ቀትር ላይ ባለ ክሬሟ ጆንያው ላይ ተቀምጣ ስታጠባ፣ ሳታስበው የድንቡሼን ክንድ መታጠፊያ ዳሰሰችው። ለስላሳ ነው። ሌላኛውንም ዳሰሰች። እሱም ለስላሳ ነው። ደስ አላት፤ እንዲህ ደስ ብሏት አያውቅም። ልጅቷን ቀና አድርጋ ግንባሯን ስትስማት ድንቡሼ ምግቤን ለምን አቋረጥሽብኝ ብላ ጆሮዋን ጎተተቻት።

ሁለተኛ ዓመቷ በደረሰ ጊዜ ባለ ክሬሟ ኬኩን ቤቷ ጋገረችው። ቅቤ የለበት፣ ወተት የለበት፤ በዘይትና በብርቱካን ጭማቂ የተቦካ። ላዩን የምትቀባውን ከእንቁላል ነጭና ከስኳር መታችው፤ ነጭ፣ የሚያብረቀርቅ፣ ጫፉ ቀጥ ብሎ የሚቆም። አንዷ ጎረቤት ቀደም ብላ መጥታ ድንቡሼ እናቷ ጉያ ስትገባ አየችና «አሁንም ትጠባለች እንዴ? አልጣለችም?» አለች። አማት ከምራታቸው ቀድመው «ገና ነው» አሏት፣ ሌላ ቃል ሳይጨምሩ።

መጻፊያው ሰዓት ደረሰ። ባለ ክሬሟ ጽሑፍ መጻፊያውን ከረጢት ሞልታ ጨመቅ አደረገች። «እማማ፣ እርስዎ ይምረጡ። ምን ብዬ ልጻፍበት? ‹እንኳን ተወለድሽ› ልበል?»

አማት ሻርፓቸውን አጠፉ። ጉሮሯቸውን ጠረጉ።

«‹እናቷ ወተት አታቁም› ብለሽ ጻፊ» አሉ።

ባለ ክሬሟ ቀና ብላ አየቻቸው። አማት ወደ መስኮቱ ዞረዋል፤ ሻይ አላፈሉም። ያኔ ከሐኪሙ ይዘውት በመጡት ቃል ላይ አንዲት ፊደል ብቻ ነው የጨመሩት፤ አንዲት «አ»። ምራታቸው ግን ገባት።

ጎንበስ ብላ ጻፈችው። «እናቷ» ቀጥ ብሎ ወጣ፣ «ወተት»ም ቀጥ ብሎ ወጣ። «አ» ላይ ስትደርስ እጇ ተንቀጠቀጠና ፊደሏ ዘመመች። በዚያ ሁሉ ዓመት፣ በዚያ ሁሉ ሰርግና ምርቃት፣ ዘምማ የወጣች ፊደሏ እሷ ብቻ ነች። ባለ ክሬሟ አላስተካከለቻትም፤ እንደዘመመች ተወቻት።